ድብ አይቀመጥም

አለቃችንን ፊት ለፊት «አለቃ» እንለዋለን። ዞር ካለ ግን ስሙ «ይቻላል» ነው። ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ «ይቻላል!» ይላል። በሦስት ወር ትጨርሳላችሁ? ይቻላል። ዝሆኑ እየሮጠ ቢዘፍንስ? ይቻላል። አንድ ጊዜ የቧንቧ ሠራተኛው ደውሎ «ዛሬ ከምመጣ በሚቀጥለው ሳምንት ብመጣስ?» ቢለው «ይቻላል» አለውና፣ ሳምንቱን ሙሉ ታች ያለውን ቁልፍ ቀራጭ ሽንት ቤት ስናስፈቅድ ከረምን። ክፉ ሰው አይደለም። እምቢ ማለት እንደ ጥርስ ሕመም የሚያሠቃየው ሰው ነው።

ቢሯችን ከቁልፍ ቀራጩ ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። የቁልፍ መሞረጃው ማሽን ቀኑን ሙሉ ከእግራችን ሥር ሲያፏጭ ይውላል፤ እኛ ከላይ የቪዲዮ ጌም እንሠራለን። እኔ ኮዱን እጽፋለሁ፣ ሰዓሊው እንስሳቱን ይሥላል፣ አለቃ ደግሞ ይቻላል ይላል። የዘንድሮው ሐሳብ፣ እውነት ለመናገር፣ ግሩም ነበር። በየማስታወቂያው የምናውቃቸው የምርት አርማዎች አንድ ሜዳ ላይ ተገናኝተው ስፖርት ይወዳደራሉ፦ የልብስ ሳሙናው ዝሆን፣ የብስኩቱ ጥንቸል፣ የጥርስ ሳሙናው አዞ፣ የባትሪ ድንጋዩ አውራ ዶሮ፣ የቀለሙ እስስት፣ የፍራሹ ድብ። ስድስት ፋብሪካ፣ ስድስት እንስሳ። ይሮጣሉ፣ ይዋኛሉ፣ ገመድ ይጓተታሉ።

ከስድስቱ አንዱ አባቴ ነው።

አባዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የፍራሹ ድብ ነበር። በፍራሽ መሸጫው በር ላይ፣ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ቡናማ ጸጉር ለብሶ፣ እጁን ያውለበልባል፣ ይጨፍራል። ሕፃናት ያቅፉታል፤ ሕፃን ያልሆኑት ደግሞ ጭራውን ይጎትቱታል። ባለፈው ዓመት ጡረታ ሲወጣ ልብሱን አስረክቦ፣ የራሱን ጭንቅላት ብቻ ይዞ ቤት ገባ። ድቡ ጌም ውስጥ እንደሚገባ ስነግረው ዐይኑ በራ። በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ፋርማሲ ያለችው ልጅም ሰምተዋል። «ድቡ አንደኛ ነው የሚወጣው» ይላቸዋል። «ልጄ ናት የሠራችው!»

አንድ ቀን ምሳ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አየሽ የኔ ልጅ» አለኝ፤ «እዚያ በር ላይ ስንት ሰው የሎተሪ ዕጣ ሲወጣለት አጨብጭቤያለሁ፣ ስንቱ ፍራሽ ተሸልሞ ሲሄድ ጨፍሬለታለሁ። እኔ አንድም ነገር አሸንፌ አላውቅም። እንዲያው ለአንድ ቀን…»

«ያሸንፋል አባዬ፤ በእኔ ይሁንብህ» አልኩት።

አለቃዬን ሳማ የምውለው ሰው፣ አፌን ሞልቼ ያው «ይቻላል» ማለቴ ነበር። ያን ቀን አልታወቀኝም።

የታወቀኝ የጌሙ ምረቃ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። አለቃ ስድስቱን ውሎች በስድስት መሳቢያ ነበር የሚያስቀምጣቸው፤ ደንበኞች በወረቀት ላይ እንኳ መገናኘት የለባቸውም ብሎ ያምናል። ጠበቃ የሆነች እህቱ ግን መጣችና ሁሉንም አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቻቸው። አንብባ አንብባ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው።

«አንተ! አንቀጽ ሰባትን አይተኸዋል?»

አንቀጽ ሰባት እንዲህ ይላል፦ ገጸ ባሕርዩ በማንኛውም ውድድር መጨረሻ አይወጣም፤ ከወጣ ውሉ ይፈርሳል፣ ገጸ ባሕርዩም ከጌሙ ይወጣል። መጀመሪያ የጠየቁት የሳሙናው ሰዎች ናቸው። የብስኩቱ ሰዎች ሰሙና እነሱም ጠየቁ። ከዚያ አዞው፣ ከዚያ ዶሮው፣ ከዚያ…

«ስድስቱም ውል ላይ አለ» አለች እህቱ።

«ታዲያ ጥሩ አይደል?» አለ አለቃ። «ማንንም አላዳላሁም።»

ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። በምረቃው ቀን ስድስቱም ሥራ አስኪያጆች ከነቤተሰባቸው አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው የመክፈቻውን ሩጫ በትልቅ ስክሪን ያያሉ። ስድስት ሯጭ ካለ አንዱ መጨረሻ ይወጣል። አንዱ ተቆጥቶ ከሄደ ሌላው ለምን ብሎ ይቀራል? የሚቀረን ባዶ ሜዳና የሚያጨበጭብ ተመልካች ነው፤ ለባዶ ሜዳ ደግሞ ኮድ ጸሐፊ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ቀላል መላ ነበር። መጨረሻ ላይ የተገኘ እንስሳ ፍጥነቱ ይጨምር አልኩ። ጥንቸሉ መጨረሻ ሆነ፤ ፈጠነ። ዶሮው መጨረሻ ሆነ፤ ከጥንቸሉ ብሶ ፈጠነ። ሁሉም ከመጨረሻነት ሲሸሽ ፍጥነቱ እየናረ ሄዶ፣ በሁለተኛው ዙር ስድስቱም ከመሬት ተነሱ። ዝሆኑን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ከስታዲየሙ ጣሪያ በላይ ሲያልፍ ነው። እንደዘፈነ ነው የሄደው።

ሁለተኛው መላ ሁሉም እኩል ይግቡ የሚል ነበር። ጠበቃዋ መነጽሯን አስተካክላ «እኩል ሲባል ምናቸው?» አለች። እውነትም አዞው በአፍንጫው ብቻ ሁለት ክንድ ይቀድማል። ዝሆኑ ኩምቢ አለው። እስስቱ ገና ሩቅ ሳለ ምላሱን ወርውሮ መስመሩን ነካ። ጥንቸሉ ግን ምን ይወርውር? ሰዓሊው ከጠዋት እስከ ምሳ የጥንቸሉን አፍንጫ ሲያስረዝም ዋለ። ከምሳ ስንመለስ ስክሪኑ ላይ ሁለት አዞ አየን፤ አንደኛው ጆሮው ረጅም ነው።

ሦስተኛው ያኮራን ነበር። ሰባተኛ ሯጭ እንጨምር አልን፤ የማንም ያልሆነ፣ ውል የሌለው፣ መጨረሻ ቢወጣ የማይከፋው። ሰዓሊው እግር ያለው ካርቶን ሣለ። ካርቶኑ ይደናቀፋል፣ ይንከባለላል፣ ክዳኑን እያራገበ ከሁሉም ኋላ ይገባል። ሁለት ቀን ሰላም አገኘን። በሦስተኛው ቀን አለቃ እያፏጨ መጣ።

«የምሥራች! ሰባተኛ ደንበኛ አገኘሁ! ካርቶን ፋብሪካው ሥዕሉን አይተው ስማችን ይጻፍበት አሉ!»

ከእግራችን ሥር የቁልፍ መሞረጃው ብቻ ያፏጫል።

«አንቀጽ ሰባትንስ ጠየቁ?» አለች እህቱ ቀስ ብላ።

«ጠየቁ።»

«ምን አልካቸው?»

መልሱን የጠበቀ ሰው አልነበረም። ሰዓሊው ኮቱን አንስቶ ወጣ፤ እኔ ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ ደገፍኩ።

አባዬ ቢሮ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የፍራሹ ሥራ አስኪያጅ የድቡ እንቅስቃሴ «የእውነተኛው ድብ» ካልሆነ ብለው ነበር፤ አለቃም መልሱ ይታወቃል። ሁለተኛው ክፍል ግድግዳው ዙሪያውን ካሜራ አለው። እንቅስቃሴው የሚቀረጸው ሰው ነጫጭ ትንንሽ ኳሶች የተለጠፉበት ጥቁር ልብስ ይለብሳል፤ ካሜራዎቹ ኳሶቹን ያያሉ፤ ስክሪን ላይ ያለው እንስሳ ሰውየው እንዳደረገው ያደርጋል። ልብሱ የተሰፋው ለቀጫጭን ወጣቶች ነው። የአባዬ ሆድ ላይ ሲደርስ ዚፑ ቆመ። ሰዓሊውና እኔ ከሁለት ወገን ጎትተን፣ የቀረውን በፕላስተር ለጠፍነው።

«ምን እመስላለሁ?» አለኝ አባዬ።

«ልክ ድብ» አልኩት።

ሮጠ፣ ዘለለ፣ የሌለ ገመድ ጎተተ። ስክሪኑ ላይ ቡናማው ድብ አብሮት ሮጠ፣ አብሮት ሆዱን እያንቀጠቀጠ ዘለለ። አባዬ ራሱን ሲያይ እንደ ሕፃን ሳቀ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ላብ በላብ ሆኖ «እስቲ ትንሽ ልረፍ» አለ። ክፍሉ ጥግ ለምረቃው ከፋብሪካው የተላከ አዲስ ፍራሽ ተዘርግቷል። አባዬ ጫፉ ላይ ቁጭ እንዳለ፣ እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አለ።

«ምነው አባዬ?»

«ኧረ ምንም… ልማድ ሆኖብኝ እኮ ነው» አለ፤ አፍሯል። «ከመጋዘኑ በር ጀርባ ተጽፎ ነበር፦ ድብ አይቀመጥም፣ ድብ አይደገፍም፣ ድብ አይናገርም። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ናቸው የጻፉት። ድቡ ቁጭ ካለ ሰነፍ ይመስላል ብለው።»

«ፍራሽ እየሸጠ?»

«ፍራሽ እየሸጠ።»

ሰዓሊው እስኪያስለው ሳቀ፤ አባዬም ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ባልዲው ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ አባዬ ከሥራ ሲገባ እማዬ ሞቅ ያለ ውሃ በባልዲ ታቀርብለት ነበር። እግሩን ነክሮ ዐይኑን ይጨፍናል፣ ለግማሽ ሰዓት አይናገርም። አባት ሁሉ ቤቱ ሲገባ እግሩን ባልዲ ውስጥ የሚከት ይመስለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

«በል አሁን ተቀመጥ» አልኩት። «ማንም አያይህም።»

«ለሙከራ ያህል» አለና ተቀመጠ። ቀጥሎ ለሙከራ ያህል ጋደም አለ። ቀጥሎ ማንኮራፋቱ ተሰማ። እኛም እንዳንቀሰቅሰው በእግር ጣታችን ወጣን፤ ካሜራዎቹን ያጠፋ ሰው ግን አልነበረም።

በማግስቱ ቅጂውን ስከፍት ስክሪኔ ላይ ድቡ ተኝቷል። አርባ ደቂቃ ሙሉ። እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጓል። ይገላበጣል፣ ሆዱን ያካል፣ በእንቅልፍ ልቡ ለማላውቀው ሕፃን እጁን ያውለበልባል። እሱን እያየሁ ሳለ መላው ብልጭ አለልኝ። ጠበቃዋን ጠራኋት።

«ሩጫው መሐል ድቡ ፍራሽ ቢያገኝና ቢተኛስ? ሌሎቹ ስድስቱ ይገባሉ፤ ድቡ ገና መንገድ ላይ ነው። እሱ ከኋላቸው እስካለ ድረስ ከስድስቱ መጨረሻ የሚባል የለም። እሱም ቢሆን ገና አልገባ፤ ያልገባ ሯጭ ስንተኛ ይባላል?»

አንቀጽ ሰባትን ሦስት ጊዜ አነበበችው። «ውድድሩ አላለቀም» አለች፤ «ላላለቀ ውድድር መጨረሻ አይወጣለትም።» ሳቅ ስትል ያን ቀን ነው ያየኋት። በውሃ ዋናው ውድድር ድቡ ፍራሹ ላይ ተንሳፍፎ፣ በገመድ ጉተታው ገመዱን ተንተርሶ ተኛ። በድቡ የሚጫወት ሰው ጆይስቲኩ በአባዬ ማንኮራፋት እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቢሯችን ዳነ።

አባዬን ግን ማን ይንገረው? ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ቀኑ አለቀ። አንድ ቀን ቤት ስሄድ ሱፍ ልብሱን ሲተኩስ አገኘሁት። ሌላ ቀን ለፀጉር አስተካካዩ የሚቀመጥበትን ረድፍ ሲነግረው ሰማሁ። ፈሪ ነኝ፤ ምን አባቴ ላድርግ። በፍርሃቴ የሠራሁት አንድ ነገር ቢኖር የተደበቀ ቁልፍ ነው፦ ከኪቦርዱ አንዷን ቁልፍ ብጫን ድቡ ይነቃና ሁሉንም ጥሎ አንደኛ ይገባል። ያኔ አባዬ ያሸንፋል፤ ከቀሩት አንዱ መጨረሻ ይወጣል፤ ቢሯችንም ይዘጋል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አዳራሹ ሞላ። ፊተኛው ረድፍ ሰባቱ ሥራ አስኪያጆች፣ ከኋላቸው አባዬ በሱፍ ልብሱ፣ እማዬ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ፋርማሲ ያለችው ልጅ። እኔ ከኋላ በጎን በኩል ኮምፒውተሩ ጋ ነኝ። አባዬ ዞር ብሎ አይቶኝ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ወደ ኪቦርዱ አቀረቀርኩ።

ሩጫው ተጀመረ። ድቡ እስከ ግማሹ ይመራል፤ ያችን ለአባዬ ብዬ ነው ያስገባኋት። «አላልኳችሁም?» ሲል ሰማሁት። ከዚያ መንገዱ ላይ ፍራሽ ተገኘ። ድቡ ቆመ። ግራና ቀኝ አየ። ጫፉ ላይ ቁጭ አለ፣ እሳት እንደነካው ብድግ አለ፤ ሰዓሊው ያቺን እንዳለች ትቷታል። እንደገና ቁጭ አለ። ጋደም አለ። እጁን ከጉንጩ ሥር ከተተ። በአዳራሹ ድምፅ ማጉያዎች ሁሉ ማንኮራፋት ተለቀቀ።

«ይሄንንስ አውቀዋለሁ» አለች እማዬ ጮክ ብላ። «ሠላሳ ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ዝሆኑ እየዘፈነ ድቡን አለፈው። አዞው አለፈው። ዶሮው፣ እስስቱ፣ ጥንቸሉ። በመጨረሻ ካርቶኑ እየተንከባለለ አለፈው። ፀጉር አስተካካዩ «ኧረ ድቡ ተኛ! ምን ጉድ ነው!» አለና ወደ አባዬ ዞረ። ከቆምኩበት የአባዬ ማጅራት ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ደርቋል። እጄ እዚያች ቁልፍ ላይ ሄዶ ዐረፈ።

የፍራሹ ሥራ አስኪያጅ ከመቀመጫቸው ተነሡ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ፊታቸው ፈክቷል።

«ግሩም ነው! ፍራሻችን ምን ያህል እንደሚመች ታየ። በቃ አሁን ቀስቅሱትና ሁሉንም ቀድሞ አንደኛ ይግባ! ገና አልገቡም እኮ፣ ይደርስባቸዋል። ይቻላል?»

ሁሉም ወደ አለቃ ዞረ። የአለቃ ከንፈር ሲላቀቅ አየሁ። ሰባቱ ውሎች በዐይኔ ላይ ሄዱ፤ የአባዬም ሱፍ ልብስ ሄደ። ጣቴ ቁልፏን ነካ እንጂ አልተጫናትም።

«ይቻ…»

«አይቻልም!»

አባዬ ነው፤ ቆሟል። በዚያ ቢሮ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ያን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«አይቻልም» አለ ደግሞ፣ ዐይኑ ከስክሪኑ ሳይነሳ። «ተኝቷል፤ አታዩትም እንዴ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። ማሸነፉም ይቅርበት። ተዉት ይተኛ!»

ከፊት ረድፍ አንዲት ሕፃን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ሽሽሽ» አለች፤ ሌሎቹ ሕፃናትም ተቀበሏት። በዚያ ሁሉ «ሽሽሽ» መሐል ስድስቱ ሯጮች መስመሩን አለፉ። ሰሌዳው ላይ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ተጻፈ፤ በሰባተኛው መስመር ላይ «ገና በመንገድ ላይ» ይላል። እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ። ዐይኔ ደህና አድርጎ አያይልኝም ነበር።

የፍራሹ ሥራ አስኪያጅ ዞረው አባዬን ከላይ እስከ ታች አዩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየጠዋቱ በአጠገቡ ሲያልፉ ፊቱን አይተውት አያውቁም።

«እኚህ ሰው ማን ናቸው?» አሉ።

«ድቡ ነዋ!» አለች እማዬ።

አባዬም የሱፍ ልብሱን ቁልፍ ፈታ፣ ወንበሩን ሳብ አደረገ፣ እሳቸው ቆመው እያዩት ተመቻችቶ ተቀመጠ።